ሞዴል ከፈትን ብላችሁ ማሽናችሁን እንዳትከፍቱ፦ የቶርች ሎድን ክፍተት ደረጃ በደረጃ መዝጋት

አንድ ሰው የሠለጠነ የኤአይ ሞዴል ይልክላችኋል። ፋይሉ ዶት ፒቲ ወይም ዶት ቢን ይላል። እናንተም ፓይቶርች በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ቶርች ዶት ሎድ ብላችሁ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ዌይቶቹ (ሞዴሉ በሥልጠና የተማራቸው ቁጥሮች) ይጫናሉ፣ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ። ብዙዎቻችን ይህን ፎቶ ከመክፈት ለይተን አናየውም። ፎቶ ግን የሚነበብ ነገር ነው፤ ይህ ፋይል የሚሠራ ነገር ነው። ውስጡ የተጻፈውን ትእዛዝ ፓይተን ተቀብሎ ይፈጽመዋል፤ ያውም በእናንተ ስም፣ በእናንተ ፈቃድ፣ እናንተ በምትደርሱበት ፎልደር ሁሉ።

ለዓመታት መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ቶርች ሎድ ዌይቶቹን ብቻ እንዲያነብ የሚያዘው ዌይትስ ኦንሊ የሚባል ምርጫ። «ዌይትስ ኦንሊን ትሩ አድርጉት፣ ከዚያ አትስጉ» እንባባል ነበር። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ይፋ የሆነው፣ ሲቪኢ-2025-32434 የሚል መለያ ቁጥር የተሰጠው የደህንነት ክፍተት ግን ይህ ምክር በቂ እንዳልነበረ አሳየ። በፓይቶርች 2.5.1 እና ከዚያ በታች ባሉት ቨርዥኖች፣ ዌይትስ ኦንሊ ትሩ ሆኖም ቢሆን፣ አጥቂ ያዘጋጀው ፋይል ሲከፈት የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ይችላል። የተዘጋው በ2.6.0 ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ አድርገን ነበር የምንለው ሰዎች ጭምር ተመልሰን ቤታችንን ማየት አለብን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የትእዛዞቹንና የፋንክሽኖቹን ስም እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኩት። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው፤ ሁለት ቃል ሲሆኑ በአብዛኛው መሃላቸው የግርጌ ሰረዝ አለ።

ፒክል ምን ያደርጋል?

ይህ ካልገባን ቀጥሎ ያለውን ሁሉ በዘፈቀደ ነው የምንሠራው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ቶርች ሎድ ከውስጥ የሚጠቀመው ፒክል የሚባለውን የፓይተን ሞጁል ነው። ፒክል አንድን ኦብጀክት ዲስክ ላይ አስቀምጦ በኋላ መልሶ ያስነሳዋል። ሲያስቀምጥ ግን ቁጥሩን ብቻ አይደለም የሚጽፈው፤ ኦብጀክቱን መልሶ ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ትእዛዞች በተርታ ይጽፋል። «ከዚህ ሞጁል ይህን ፋንክሽን አምጣ፤ ይህን ግብዓት ስጠው፤ ጥራው» ይላል። አንባቢው ደግሞ ትእዛዞቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይፈጽማል። ጨዋ ፋይል ውስጥ የሚጠራው ፋንክሽን ቴንሰር (የሞዴሉን ቁጥሮች የያዘ ሠንጠረዥ) የሚገነባው ነው። ክፉ ፋይል ውስጥ ከኦኤስ ሞጁል ሲስተም የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ግብዓቱ ደግሞ አጥቂው የጻፈው የሼል ትእዛዝ። ለፒክል ሁለቱም አንድ ናቸው። እሱ አይመርጥም፣ የታዘዘውን ይሠራል።

ይህ የተደበቀ ምስጢር አይደለም። የፓይተን ይፋዊ ሰነድ ራሱ የፒክል ገጽ ላይ ሞጁሉ ደህንነቱ የተጠበቀ እንዳልሆነና የምታምኑትን ፋይል ብቻ መክፈት እንዳለባችሁ በማስጠንቀቂያ ይነግራችኋል። ዌይትስ ኦንሊ በ2022 በፓይቶርች 1.13 የመጣውም ለዚሁ ነው፤ የተፈቀዱ ፋንክሽኖችንና ክላሶችን ብቻ እየጠራ ሌላውን የሚከለክል ጠባብ አንባቢ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ዛሬም ጥሩ ነው። የተሰበረው በድሮዎቹ ቨርዥኖች ላይ ያለው አሠራሩ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ቨርዥን ላይ ናችሁ?

ተርሚናል ከፍታችሁ ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ሾው ቶርች በሉ። ፒፕን ለብቻው ከመጥራት እንዲህ በፓይተን በኩል መጥራት ይሻላል፤ ማሽናችሁ ላይ ሁለት ሦስት ፓይተን ካለ ያ ፒፕ የየትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት አታውቁም። ከቁጥሩ ኋላ የመደመር ምልክትና ሲዩ ምናምን የሚል ነገር ካያችሁ እሱ የኩዳ ምልክት ነው፣ ተዉት። የምትፈልጉት ከፊት ያለውን ቁጥር ነው። 2.5.1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተጋላጭ ናችሁ። 2.6.0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይህኛው ክፍተት ተዘግቷል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ አይቶ «እኔ ደህና ነኝ» በማለቱ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰርቨሩስ? ዶከር ኢሜጁስ? ያ ለስድስት ወር ማንም ያልነካው፣ ሌሊት ሌሊት በራሱ የሚነሳው ሥራስ? ኖትቡኮቹስ? እያንዳንዱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት የራሱ ቶርች አለው። ኮንቴይነር ከሆነ ውስጡ ገብታችሁ ነው የምትጠይቁት፤ የሪኳየርመንት ፋይሉ ላይ የተጻፈውና እውነት የተጫነው ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። እኔ አንድ ጊዜ ዝርዝሩ ላይ አዲስ ቁጥር አይቼ ዘጋሁት፤ በኋላ ኢሜጁ ውስጥ ስገባ ያገኘሁት ከዓመት በፊት የተገነባ የድሮ ቶርች ነበር፤ ለካ ኢሜጁን ከዚያ ወዲህ እንደ አዲስ የገነባው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ሳይሆን ማሽኑን ነው የምጠይቀው።

ብዙ ማሽን ካላችሁና ይህን በስክሪፕት የምትሠሩት ከሆነ፣ ቨርዥኖቹን እንደ ጽሑፍ አታወዳድሩ። እንደ ጽሑፍ ሲታይ 2.10 ከ2.6 ያንሳል፣ ምክንያቱም 1 ከ6 ይቀድማል። ፓኬጂንግ የሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ያለውን የቨርዥን ማወዳደሪያ ተጠቀሙ።

ደረጃ 2፦ ሎድ የሚያደርገውን ኮድ ሁሉ ልቀሙ

ኮዳችሁ ውስጥ ቶርች ዶት ሎድን በግሬፕ ፈልጉ። እዚያ አታቁሙ። የፒክል ሎድና ሎድስ፣ የጆብሊብ ሎድ፣ የፓንዳስ ሪድ ፒክል፣ አላው ፒክል ትሩ የተደረገበት የነምፓይ ሎድ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቶርች ሃብ ሎድ ካላችሁ እሱ ከናካቴው ከሩቅ የመጣ የፓይተን ኮድ ነው የሚያስኬደው። ትራንስፎርመርስ በሚባለው የሞዴል ላይብረሪ ላይ ትረስት ሪሞት ኮድ የሚለውን ትሩ ካደረጋችሁም እንደዚያው፤ ዌይቱ የፈለገውን ያህል ንጹሕ ቢሆን ኮዱ ከማታውቁት ሰው መጥቶ ማሽናችሁ ላይ ይሮጣል።

ካገኛችኋቸው በኋላ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ፋይል ከማን ነው የሚመጣው? የራሳችን ፕሮግራም ጽፎት ራሱ የሚያነበው፣ ሌላ ማንም የማይደርስበት ፎልደር ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው። ከሥራ ባልደረባ ከሆነ እሱ ከየት አመጣው የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከኢንተርኔት የወረደ ከሆነ እንደ ባዕድ ቁጠሩት፣ ምንም ያህል ኮከብና ዳውንሎድ ቢኖረው። ተጠቃሚ የሚጭነው ከሆነ ግን ዛሬውኑ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ፣ እሱን ዝጉ። ምክንያቱም እዚያ ጋ አጥቂው ሰው ማታለል እንኳ አያስፈልገውም፤ ፋይሉን ራሱ ይልካል፣ ሰርቨሩ ራሱ ይከፍትለታል።

ደረጃ 3፦ አፕግሬድ አድርጉ፣ የሚመጣውን ስህተትም አንብቡ

ወደ 2.6.0 ወይም ወደ ላይ ውጡ። መጀመሪያ ያለውን ሁኔታ በፒፕ ፍሪዝ አስቀምጡ፣ ከዚያ በአዲስ ኢንቫይሮንመንት ሞክሩ፣ ሲሠራ ወደ ዋናው አምጡት። ፓይተን 3.8 ላይ ከሆናችሁ 2.6 አይገባላችሁም፤ ቢያንስ 3.9 ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ሥራው ከፓይተኑ ይጀምራል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ። ፓይቶርች 2.6 ክፍተቱን ከመድፈን ሌላ አንድ ትልቅ ለውጥ ይዞ መጥቷል። እስከዚያ ድረስ ቶርች ሎድ ምንም ካልነገራችሁት ዌይትስ ኦንሊን ፎልስ አድርጎ ነበር የሚሠራው። ከ2.6 ወዲህ ዲፎልቱ ትሩ ሆነ። ስለዚህ ትናንት ይከፈት የነበረ ፋይል ዛሬ ዌይትስ ኦንሊ ሎድ ፌይልድ ብሎ ይቆማል። መልእክቱ ረጅም ነው። ውስጡም «ዌይትስ ኦንሊን ፎልስ ብታደርጉት ሳይከፈት አይቀርም፣ ግን ያልታሰበ ኮድ ሊያስኬድ ይችላል፣ ምንጩን ካመናችሁ ብቻ አድርጉት» የሚል ሐሳብ አለ። የቸኮለ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ያነብና ፎልስ ይለዋል። በዚህች አንዲት ቃል አፕግሬዱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው፤ አሁን ያላችሁት ከድሮው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም «እኛ እኮ አዲሱ ላይ ነን» የሚል የውሸት መተማመን ተጨምሮበታል።

እባካችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት። መልእክቱ ያልተፈቀደውን ክላስ ወይም ፋንክሽን በስሙ ጠርቶ ይነግራችኋል። ያን ስም እዩት። ብዙ ጊዜ የማያስፈራ ነገር ነው፤ ለምሳሌ አርግፓርስ ኔምስፔስ ይላል። ይህ ማለት ሞዴሉን ያሠለጠነው ሰው የሥልጠናውን ሴቲንግ ከዌይቱ ጋር አብሮ አስቀምጦታል ማለት ነው። ወይም ከነምፓይ የሆነ ነገር ይሆናል፤ ሎሱን (የሥልጠናውን የስህተት መጠን) የነምፓይ ቁጥር አድርጎ ከትቶት። እንዲህ ዓይነቱን ቶርች ሲሪያላይዜሽን ውስጥ ባለው አድ ሴፍ ግሎባልስ በሚባለው ፋንክሽን ነጥላችሁ ትፈቅዳላችሁ። ከዚያም የሚሻለው ሴፍ ግሎባልስ የሚለውን ከዊዝ ጋር መጠቀም ነው፤ ፈቃዱ ለዚያች ሎድ ብቻ ይቆይና ያበቃል፣ ፕሮግራሙ በሙሉ ላይ ተከፍቶ አይቀርም። አንድ ፋይል ምን ምን እንደሚጠይቅ በአንድ ጊዜ ማየት ከፈለጋችሁ ጌት አንሴፍ ግሎባልስ ኢን ቼክፖይንት የሚባል ፋንክሽን አለ፤ ፋይሉን ሳያስኬድ ያልተፈቀዱትን ስሞች ዘርዝሮ ይሰጣችኋል።

ስሙ የማታውቁት ከሆነ አትፍቀዱ። ስሙ ሲስተም፣ ኢቫል፣ ኤግዜክ፣ ፒኦፕን ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። እጃችሁን አንሱና ወደ መጨረሻው ክፍል ሂዱ።

ሌላም ስህተት ሊገጥማችሁ ይችላል፤ በድሮው ታር ቅርጽ የተቀመጠ ፋይል በዌይትስ ኦንሊ አይከፈትም ይላችኋል። እሱ ትክክለኛ ክልከላ ነው። ፋይሉን ያዘጋጀውን ሰው በአዲሱ ቅርጽ መልሶ እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁ።

አፕግሬድ ማድረግ የማትችሉበት ሁኔታ ካለ፣ ለምሳሌ ሌላ ላይብረሪ አስሮ ከያዛችሁ፣ በዚያ ማሽን ላይ ከውጭ የመጣ የፒክል ፋይል በጭራሽ አትክፈቱ። ትሩም ሆነ ፎልስ። ሌላ ቦታ ቀይራችሁ፣ ሴፍቴንሰርስ የሚባለው ኮድ የማያስኬድ የፋይል ቅርጽ አድርጋችሁ አምጡት፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አለ። ትራንስፎርመርስ ራሱ በአዳዲስ ቨርዥኖቹ ቶርቹ ከ2.6 በታች ከሆነ የፒክል ዌይት አልከፍትም ይላል፣ ሴፍቴንሰርስ ከሆነ ግን ያልፋል። ያ መልእክት ሲመጣ ቼኩን ከኮዱ ውስጥ ቆርጠው የሚያልፉ ሰዎች አይቻለሁ። አታድርጉት።

ደረጃ 4፦ ሳትከፍቱ ውስጡን እዩ

ይህን ደረጃ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ የሞዴል ፋይልን እንደ ቀድሞው አታዩትም።

ከ1.6 ወዲህ ቶርች ሴቭ የሚጽፈው ፋይል በእውነቱ ዚፕ ነው፣ ስሙ ዶት ፒቲ ይሁን እንጂ። በአንዚፕ ሰረዝ ኤል ዝርዝሩን ብታዩ ውስጡ ዳታ ዶት ፒኬኤል የሚል አንድ ትንሽ ፋይል ታገኛላችሁ፣ ከጎኑ ዳታ የሚል ፎልደር ውስጥ 0፣ 1፣ 2 እየተባሉ የተደረደሩ ትልልቅ ፋይሎች። ትልልቆቹ ቁጥሮቹ ናቸው፤ እነሱ አያስፈሩም። ትእዛዞቹ ያሉት በትንሹ ውስጥ ነው። እሱን ብቻ አውጡና ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒክልቱልስ ብላችሁ ስሙን ስጡት። ፒክልቱልስ ትእዛዞቹን ያነባል እንጂ አይፈጽምም፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ ማየት ፋይሉን መክፈት አይደለም።

የሚወጣው ጽሑፍ ረጅምና አሰልቺ ነው። ሁሉንም አታንብቡ። ግሎባል ወይም ስታክ ግሎባል የሚሉትን መስመሮች ብቻ ለዩ፤ እነሱ ናቸው ከውጭ ፋንክሽን የሚያመጡት። ጤነኛ ፋይል ላይ የምታዩት ከኮሌክሽንስ ኦርደርድ ዲክት፣ ከቶርች ዩቲልስ ሪቢልድ ቴንሰር፣ ከቶርች ፍሎት ስቶሬጅ፣ እንደዚህ ያለ ነው፤ እየተደጋገመ ይመጣል። ጤነኛ ያልሆነው ላይ ፖዚክስ ሲስተም ታያላችሁ። ኦኤስ አይልም፣ ይህን አስተውሉ፤ ሊኑክስ ላይ የተዘጋጀ ሲሆን ፖዚክስ፣ ዊንዶውስ ላይ የተዘጋጀ ሲሆን ኤንቲ ብሎ ነው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው፤ ኦኤስ የሚለውን ብቻ የፈለገ ሰው ሳያየው ያልፋል። ሰብፕሮሰስ፣ ሶኬት፣ ረንፓይ፣ ከቢልቲንስ ኢቫልና ኤግዜክ፣ እነዚህም ሞዴል ውስጥ ሥራ የላቸውም። ስታክ ግሎባል ከሆነ ስሙ እዚያው መስመር ላይ አይደለም፣ ከላዩ ባሉት ሁለት ጽሑፎች ላይ ነው፤ አንዱ ሞጁሉ፣ አንዱ ፋንክሽኑ።

ይህን በእጅ መሥራት ለአንድ ፋይል ነው። ለብዙ ፋይል ፒክልስካን እና ፊክሊንግ የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፣ ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ተጠቀሙባቸው፣ ግን «ንጹሕ ነው» ሲሉ ብቻ ተማምናችሁ አትክፈቱ። በፌብሩዋሪ 2025 ሪቨርሲንግላብስ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ሃጊንግ ፌስ በሚባለው የሞዴል መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ሁለት ክፉ ሞዴሎች ማግኘቱን አሳውቆ ነበር። ፋይሎቹ እንደተለመደው በዚፕ ሳይሆን በሰቨን ዚፕ የታሸጉ ስለነበሩ ፒክልስካን አላያቸውም። ሌላም ነገር ነበረባቸው፤ ክፉው ትእዛዝ የተቀመጠው ከመጀመሪያው ላይ ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለው የፒክሉ ክፍል የተበላሸ ነበር።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር በደንብ ትያዝልኝ። ፒክል ትእዛዙን በተራ እየፈጸመ ነው የሚሄደው ብያለሁ። ስለዚህ ፋይሉ መሃል ላይ ተበላሽቶ ስህተት ቢያወጣ፣ ከስህተቱ በፊት የነበረው ሁሉ ቀድሞ ተፈጽሟል። በጠባቡ አንባቢ ሳይሆን በተራው ፒክል ከፍታችሁ «አልከፈተልኝም፣ ፋይሉ የተበላሸ ነው» ብላችሁ ከዘጋችሁት፣ አልከፈተላችሁም ማለት አልሠራም ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ወደ ሴፍቴንሰርስ ቀይሩት

ዘላቂው መፍትሔ ይህ ነው። ሴፍቴንሰርስ ከሃጊንግ ፌስ የወጣ የፋይል ቅርጽ ነው፣ ዋናው ኮዱ በራስት የተጻፈ። አሠራሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች የአርእስቱን ርዝመት ይናገራሉ። ቀጥሎ አርእስቱ በጄሰን ይመጣል፤ የእያንዳንዱ ቴንሰር ስም፣ ዓይነት፣ ቅርጽ፣ ከየት እስከ የት እንደተቀመጠ። ከዚያ ጥሬው ቁጥር። አለቀ። ፋንክሽን የሚጠራበት ቦታ ቅርጹ ውስጥ የለም። በ2023 ትሬይል ኦፍ ቢትስ ኮዱን መርምሮ ያልታሰበ ኮድ ወደማስኬድ የሚያደርስ ከባድ ክፍተት አላገኘበትም።

ሞዴሉን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው የሴፍቴንሰርስ ፋይል አብረው አስቀምጠው ከሆነ እሱን አውርዱ፣ ሌላ ድካም አያስፈልግም። ከሌለ ራሳችሁ ትቀይራላችሁ፤ ለመቀየር ግን አንዴ መክፈት ግድ ነው፣ ስለዚህ የምትከፍቱበትን ቦታ አዘጋጁ። ዶከር ካላችሁ ኔትወርኩን «ነን» (ምንም) ብላችሁ ከኢንተርኔት ቆርጣችሁ አስነሱት። ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ለንባብ ብቻ አገናኙ፣ ለውጤቱ አንድ ሌላ ባዶ ፎልደር ስጡት፣ ከዚያ ሌላ ምንም። ሩት ሆናችሁ አትግቡ። ሆም ፎልደራችሁን በሙሉ ማገናኘት የተለመደ ስንፍና ነው፤ ኤስኤስኤች ቁልፋችሁ፣ የክላውድ ቁልፋችሁ፣ ቶከናችሁ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ላይ የተቀመጠ ቁልፍም እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ኮንቴይነር ከማሽናችሁ ጋር አንድ ከርነል እንደሚጋራ አትርሱ። ደረጃ 4 ላይ ክፉ ስም ያያችሁበትን ፋይል እዚህም አታምጡት።

ኮንቴይነሩ ውስጥ 2.6 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቶርች ይኑር። ፋይሉን ዌይትስ ኦንሊ ትሩ ብላችሁ፣ ማፕ ሎኬሽኑን ሲፒዩ አድርጋችሁ ክፈቱ። ሙሉ ቼክፖይንት (ሥልጠናውን ለመቀጠል የተቀመጠ ፋይል) ከሆነ ውስጡ ኦፕቲማይዘርም ምናምንም ይኖራል፤ ዌይቶቹን የያዘውን ስቴት ዲክት ብቻ ውሰዱ። ከዚያ ከሴፍቴንሰርስ ቶርች ሴቭ ፋይል በሚለው ጻፉት። ሁለት ነገር ሊያስቸግራችሁ ይችላል። አንዱ ቴንሰሩ ሜሞሪ ላይ በተከታታይ ያልተቀመጠ ሲሆን ነው፤ ኮንቲጊወስ የሚለውን ጥሩበት። ሁለተኛው አንዳንድ ሞዴሎች ሁለት ቦታ አንዱን ቴንሰር ይጋራሉ፣ ለምሳሌ የቋንቋ ሞዴሎች የመግቢያውን ኤምቤዲንግና የመውጫውን ሌየር። ሴቭ ፋይል ይህን ሲያይ እምቢ ይላል። ሞዴሉ ራሱ በእጃችሁ ካለ ሴቭ ሞዴል የሚለውን ተጠቀሙ፤ መጋራቱን እሱ ያስተካክለዋል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ አዲሱን መልሳችሁ ክፈቱና ቴንሰሮቹን አንድ በአንድ በቶርች ኢኳል ከድሮው ጋር አመሳክሩ። ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ የፋይሉ የጣት አሻራ የሆነውን የሻ-256 ድምር አውጥታችሁ ኮዳችሁ አጠገብ፣ ፋይሉ ከሌለበት ቦታ አስቀምጡ፤ ፋይሉን መቀየር የሚችል ሰው ከጎኑ ያለውን ድምርም መቀየር ይችላልና።

ሴፍቴንሰርስ የማያደርገውንም ልናገር። ፋይሉ ሲከፈት ኮድ እንዳይሮጥ ያደርጋል እንጂ፣ ሞዴሉ ራሱ በክፉ ልብ የሠለጠነ እንዳልሆነ አይመሰክርም። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ተመልሶ እንዳይገባ

ዌይትስ ኦንሊ ፎልስ የሚል ኮድ ሲገባ ሲአይ (ኮድ በገባ ቁጥር በራሱ የሚፈትሽ ሥርዓት) ላይ ቀይ እንዲሆን አድርጉ። አንድ መስመር ግሬፕ ይበቃል። ባንዲትና ራፍ የሚባሉት የኮድ መፈተሻዎች ፒክል ሲጠራ የሚያስጠነቅቁ ደንቦች አሏቸው፣ እነሱንም አብሩ። በእውነት ፎልስ የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ፣ ያስፈለገው ሰው ከጎኑ ምክንያቱንና ፋይሉ ከየት እንደመጣ ይጻፍ።

ተጠቃሚ ሞዴል የሚጭንበት ሰርቪስ ያላችሁ ደግሞ ሴፍቴንሰርስ ብቻ ተቀበሉ። የፋይሉን ስም አይታችሁ አትመኑ፤ ማንም ስም መቀየር ይችላል። በሴፍቴንሰርስ አንባቢ ክፈቱት፣ ካልተከፈተለት ጣሉት፣ «እስኪ በቶርች ሎድ ደግሞ ልሞክር» የሚል ኮድ ግን በፍጹም አትጻፉ።

በነገራችን ላይ በሽታው የፓይቶርች ብቻ አይደለም። ፓይያምል ላይ ያምል ሎድ ለዓመታት ኮድ ያስኬድ ነበር፣ ሴፍ ሎድን ተጠቀሙ። ነምፓይ ከ1.16.3 ወዲህ ፒክልን በዲፎልት ከልክሏል። ኬራስ ደግሞ በ2025 ልክ የፓይቶርችን የሚመስል ነገር ገጥሞታል፤ ሲቪኢ-2025-1550፣ ሴፍ ሞድ ትሩ ሆኖም ክፉ የኬራስ ፋይል ኮድ ማስኬድ ይችል ነበር፣ የተዘጋው በ3.9 ነው። ኬራስ ካላችሁ ደረጃ 1ን ለእሱም ድገሙት።

ከከፈታችሁት በኋላ ከሆነ የነቃችሁት

አትደንግጡ፣ ግን አትዘግዩ። ማሽኑን ከኔትወርክ ንቀሉት። አታጥፉት፤ ሜሞሪው ላይ ያለው ነገር ለሚመረምረው ሰው ይጠቅማል። ፋይሉንም አትሰርዙ፤ ድምሩን አውጡና ማንም በስህተት በማይከፍትበት ቦታ አስቀምጡት።

ቀጥሎ ቁልፎች። ያ ፕሮግራም ይሮጥ የነበረበት ተጠቃሚ ሊያነበው የሚችለውን ሁሉ እንደተሰረቀ ቁጠሩ፤ የኤስኤስኤች ቁልፍ፣ የክላውድ ቁልፍ፣ የጊትና የሃጊንግ ፌስ ቶከን፣ የዳታቤዝ ፓስወርድ፣ ብራውዘር ውስጥ የተቀመጠ ነገር። ሁሉንም ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ። ይህን የምታደርጉት ከሌላ ንጹሕ ማሽን ነው። ከተጠረጠረው ማሽን ላይ አዲስ ፓስወርድ መጻፍ አዲሱንም መስጠት ነው።

ከዚያ ክሮኑን (በሰዓታቸው በራሳቸው የሚነሱ ሥራዎችን ዝርዝር)፣ ኦቶራይዝድ ኪይስ የሚለውን (በኤስኤስኤች መግባት የተፈቀደላቸውን ቁልፎች የያዘ) ፋይል፣ የባሽ ማስነሻ ፋይሎችን እዩ፤ አዲስ መስመር ካለ ማስረጃ ነው። ምንም ባታገኙ ግን «ደህና ነው» ብላችሁ አትመልሱት። ማሽኑን ከዜሮ ጫኑት፣ ኢሜጁንም እንደ አዲስ ገንቡ። እያጸዱ መቀጠል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ግን የቀረ ነገር አለመኖሩን የምታረጋግጡበት መንገድ የለም። ፋይሉን ያገኛችሁበት ቦታ ላይ ሪፖርት የማድረጊያ መንገድ ካለ አሳውቁ። ለሌላ ሰውም ልካችሁት ከሆነ መልእክት ጽፋችሁ እስኪያየው አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ደውሉለት።